የማሸት ሙያ በትምህርትና በምስክር ወረቀት ይከበር



ስለ ጨውና ስለ ስኳር፣ ስለ ቆርቆሮና ስለ ሲሚንቶ፣ ስለ ጭነት መኪና ኪራይና ስለ ባንክ ብድር በነጋዴዎች መካከል ዘወትር ይነገራል፤ ይጻፋልም። እኔ ዛሬ ለማቅረብ የምፈልገው አሳብ ግን ስለ ዕቃው ሳይሆን ዕቃውን ስለሚሸከመው የሰው ትከሻና ወገብ፣ እንዲሁም ይህን ትከሻና ወገብ በእጁ አሽቶ ስለሚያሳርፈው ባለሙያ ነው። ይህን ስል «ከንግድ ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድታነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የአሳቤ ፍሬ ነገር በአጭሩ የሚከተለው ነው። በከተማችን በወልድያ የማሸት ሥራ በልማድና በግምት ብቻ መሠራቱ ቀርቶ በትምህርት ቤት የሚሰጥ፣ በፈተና የሚረጋገጥና በምስክር ወረቀት የሚታወቅ ሙያ እንዲሆን ያስፈልጋል፤ ለዚህም ነጋዴው ከማንም አስቀድሞ ገንዘቡንና ስሙን ሊያውስ ይገባዋል።

ማሸት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። አራስ በቅቤ ትታሻለች፤ ሕፃን ገላውን ታጥቦ እጅና እግሩ ይታሻል፤ ወለምታ የደረሰበት ገበሬ ወደ ወጌሻ ይሄዳል። አዲስ አበባ እንኳ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ምክንያት የሆናት ፍል ውሃ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ እየወረዱ በዚያ ይታጠቡ ነበር። ሶደሬና ወንዶ ገነትም የታወቁት በፍል ውሃቸው ነው። ለደከመ አካል ሙቀትና እጅ እንደሚበጁ ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል ማለት ነው። በእግር ኳስ ሜዳም ተጫዋች በወደቀ ጊዜ ቦርሳውን ይዞ የሚሮጠውን ሰው ዛሬም «ወጌሻ» ብለን እንጠራዋለን፤ የወልድያ ክለብ በፕሪሚየር ሊግ በተጫወተባቸው ዓመታት በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው ስታዲየማችን ተቀምጦ ጨዋታ የተመለከተ ሁሉ ይህን ሰው ያስታውሰዋል።

ይሁን እንጂ ልማድ መኖሩ አንድ ነገር ሲሆን ሙያ መሆኑ ሌላ ነገር ነው። በዚህ ረገድ በሕዝብ አነጋገር የተቀላቀሉትን ሦስት ሥራዎች ለይቶ ማየት ያሻል። የመጀመሪያው ወጌሻ ነው፤ እርሱ ስብራትንና ውልቃትን ይጠግናል፤ ዕውቀቱንም የሚያገኘው ከአባቱ ወይም ከዘመዱ ነው። ሁለተኛው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው፤ እርሱ እንደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባሉ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ለዓመታት ተምሮ፣ በሆስፒታል ውስጥ ከሐኪም ጋር የሚሠራና ሽባ የሆነውን ወይም አጥንቱ የተጠገነውን በሽተኛ እንቅስቃሴ የሚያስተምር ነው። ሦስተኛው ዛሬ በተለምዶ ማሳጅ የምንለውን ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። ይህ ሰው በሽታ አይመረምርም፤ አጥንት አይጠግንም፤ መርፌም አይወጋም። ሥራው የደከመውንና የተኮማተረውን ጡንቻ በእጁ ማፍታታት ነው። ወጌሻውም ሆነ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ስፍራ ሲኖራቸው ይህ ሦስተኛው ግን ስፍራው ገና አልተለየም። የምናገረውም ስለ እርሱ ነው።

«ለማሸት ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? እጅ ያለው ሁሉ ያሽ የለምን?» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። አባቶቻችንም «ሙያ በልብ ነው» ብለዋል። ይህ ምሳሌ እውነት ነው፤ ነገር ግን ልቡን ማንም ሊያይለት ስለማይችል ሙያውን በሥራና በፈተና ማሳየት ያለበት ራሱ ባለሙያው ነው። ከዚህም በላይ በማሸት ሥራ ዋነኛው ዕውቀት እንዴት እንደሚታሽ ማወቅ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደማይታሽ ማወቅ ነው። የዚህን ምክንያት በምሳሌ ላስረዳ።

ከጅቡቲ ወይም ከአዲስ አበባ ጭኖ ቀንና ሌሊት ሲነዳ የመጣ ሾፌር አንድ እግሩ አብጦ፣ ግሎና ቀልቶ ባቱን እያመመው ቢመጣ ያልተማረ ሰው «ድካም ነው» ብሎ አጥብቆ ሊያሸው ይችላል። ይህ ሕመም ግን ለረጅም ጊዜ ከመቀመጥ የተነሣ በደም ሥሩ ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። የረጋውም ደም በመታሸት ምክንያት ከቦታው ቢነቀል ወደ ሳንባ ሄዶ በድንገት ሊገድለው ይችላል። የተማረ ባለሙያ እንዲህ ያለውን እግር አይነካም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይልከዋል።

እንደዚሁም ወገቤን አመመኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ ወገቡ ደክሞት ብቻ አይደለም። ማታ ማታ የሚያተኩሰውና ክብደቱ የቀነሰ ሰው የአከርካሪ አጥንቱን የቲቢ በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል። እግሮቹ የሚደነዝዙበትና ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው ደግሞ የነርቭ ሥሩ ተጨቁኖ ሊሆን ስለሚችል አንድ ሰዓት እንኳ ሳይዘገይ ሐኪም ሊያየው ይገባል። እከክ ወይም የሚመግል ቁስል ያለበት ሰው ቢታሽ በሽታው ለአሺውና ከእርሱ በኋላ ለሚታሸው ሰው ይተላለፋል። ወደ ወጌሻ ሥራ ብንመለስም የተሰበረውን የልጅ እጅ በቀርከሃና በጨርቅ ከልክ በላይ አጥብቀው በማሰራቸው ደም መተላለፉ ተቋርጦ፣ ሥጋው ሞቶ፣ እጁ እስከ መቆረጥ የደረሰ ሕፃናት በአገራችን ሆስፒታሎች መታየታቸው በሐኪሞች ተመዝግቧል። ይህን የምለው ወጌሻን ለማዋረድ አይደለም፤ ሐኪም በሌለበት ዘመን ሕዝቡን ያገለገለ ባለውለታ ነውና። ነገር ግን መልካም ልብ ብቻውን እጅ እንደማያድን ለማሳየት ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ በትክክል የተሠራ ማሸት ጥቅሙ ወሬ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው። ይኸው ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ውስጥ ከአካል እንቅስቃሴና ከትምህርት ጋር ማሸትንም ከሚረዱት ነገሮች መካከል ቈጥሮታል። ማሸት ሁሉን የሚፈውስ መድኃኒት ነው የሚል ሰው ቢኖር ግን አትመኑት፤ እፎይታው ብዙ ጊዜ ለአጭር ጊዜ ነው፤ በሽታውንም ከሥሩ አይነቅልም። እውነተኛ ባለሙያ ይህን ለደንበኛው አስቀድሞ ይነግረዋል።

እንግዲህ ሌሎች አገሮች ይህን ሥራ እንዴት አድርገው ወደ ክብር እንዳደረሱት እንመልከት። ፔር ሄንሪክ ሊንግ የተባለው ስዊድናዊ በ1813 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም የአካል ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ የስዊድን ማሳጅ የሚባለውም ስሙን ከዚያ አገር ወሰደ። ዮሃን ሜዝገር የተባለው የኔዘርላንድ ሐኪም ደግሞ የእጅ አሠራሩን በየስሙ ለይቶ አስተማረ። በእኛ ቋንቋ ብንገልጸው አንደኛው በመዳፍ ረጋ ብሎ መዳበስ ነው፤ ሁለተኛው ሊጥ እንደሚለወስ ጡንቻን መለወስ ነው፤ ሦስተኛው በጣት ጫፍ መፈተግ ነው፤ አራተኛው በእጅ ጎን ቀለል አድርጎ መደብደብ ነው። ይህን የሚያነብ ሰው እናቱ ሊጥ ስታቦካ ያያትን ያስታውስ ይሆናል። እጁ የእኛም እጅ ነው፤ የጎደለን ሥርዓቱ ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊያስተምረን የሚገባው የእንግሊዝ አገር ታሪክ ነው። በ1894 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ የማሳጅ ቤት የሚል ስም የለጠፉ፣ በውስጣቸው ግን ሌላ ሥራ የሚሠራባቸው ቤቶች በዝተው ነበር፤ የእንግሊዝ ሐኪሞች መጽሔትም ይህን በይፋ አጋለጠ። ሐቀኞቹ ባለሙያዎች ስማቸው አብሮ ጠፋ። በዚያን ጊዜ አራት ነርሶች ተሰብስበው «የሠለጠኑ አሺዎች ማኅበር» የሚባል አቋቋሙ፤ ለአባሎቻቸውም የትምህርትና የፈተና ደንብ አወጡ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሠሩም ወሰኑ። ከ26 ዓመት በኋላ በ1920 እ.ኤ.አ. ማኅበሩ የንጉሥ ቻርተር ተቀበለ፤ ዛሬም የዚያ አገር የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ማኅበር ሆኖ ይኖራል። ልብ በሉ፤ የተበላሸውን ስም ያዳነው ፖሊስ ብቻ አልነበረም፤ በሩን መዝጋትም አልነበረም። ያዳነው ትምህርትና ፈተና ነው።

በሩቅ ምሥራቅም ጃፓኖች ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ይህን ሥራ ለዐይነ ሥውራን የኑሮ መንገድ አድርገውታል። ከ1610 እስከ 1694 እ.ኤ.አ. የኖረው ሱጊያማ ዋይቺ ራሱ ዐይነ ሥውር ሆኖ ሳለ ለዐይነ ሥውራን የመርፌ ሕክምናና የማሸት ትምህርት ቤት አቁሟል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዐይናቸው የጠፋ የእንግሊዝ ወታደሮችም በ1915 እ.ኤ.አ. በተከፈተው በቅዱስ ደንስታን ቤት ይህን ሙያ ተምረው በሆስፒታሎች ውስጥ ተቀጥረዋል። ታይላንድ ደግሞ በባንኮክ በዋት ፖ ገዳም በ1955 እ.ኤ.አ. ትምህርት ቤት ከፈተች፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ማሸት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ፤ ለእንግዳ ተቀባይነቷም ከታወቁት መስሕቦች አንዱ ሆኗል። የአያቶቿን ልማድ አላፈረችበትም፤ ሥርዓት አስይዛ ሸጠችው እንጂ።

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ ለወልድያ ነጋዴ ምን ይጠቅመዋል? ወደዚህ ጥያቄ ልመለስ።

ከተማችን የመንገዶች መገናኛ ናት። አንዱ ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ፣ አንዱ ወደ ቆቦና ወደ መቀሌ፣ ሌላው በቻይና መንገድ ወደ ወረታና ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላውም በሐራ በኩል ወደ አፋር ይወስዳል። ወደ ላሊበላ ለልደት በዓል የሚሄደው ምእመንና ጎብኚ ብዙው በዚህ ያልፋል። ከሀብሩና ከመርሳ ፓፓያና ማንጎ፣ ከራያ ቆቦ ማሽላና ጤፍ ይወርድልናል። ይህ ሁሉ የሚወርደውና የሚጫነው በሰው ጀርባ ነው። በጸሐፊነት ሥራዬ የጫኝና አውራጆችን ክፍያ ስመዘግብ ዓመታት አልፈዋል፤ በመዝገቡ ውስጥ «ወገቡን አሞት ቀረ» የሚለውን ያህል የምደጋግመው ቃል የለም። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት ግን በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ አሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ በእጁ የሚያነሣው ከ55 ኪሎ በላይ ከሆነ ክብደቱን ለመቀነስ እርምጃ እንዲወሰድ ጠይቋል። ስለዚህ በቅድሚያ ሸክሙን መቀነስና በጋሪ መጠቀም የእኛ የነጋዴዎችና የሠራተኞቻችን ግዴታ ነው፤ ማሸት የሸክምን ጭካኔ መሸፈኛ ሊሆን አይገባውም። ሸክሙ ከቀነሰ በኋላ ግን የደከመውን ጡንቻ የሚያፍታታ የተማረ እጅ በአቅራቢያ መኖሩ ሠራተኛው ከሥራ የሚቀርበትን ቀን ያሳንሳል። ይህ ከርኅራኄም ሌላ ሒሳብ ነው።

ሁለተኛው ነገር የወጣቶቻችን ነገር ነው። ከሀብሩ፣ ከመርሳና ከአካባቢያችን ሁሉ ብዙ ልጆች በኦቦክ በኩል በባሕር ወይም በቪዛ ወደ ዓረብ አገር እንደሚሄዱ ማንም የማያውቅ የለም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ ስትመልስ በየቤታችን የደረሰውን ሐዘን አይተናል። ከተመለሱት መካከልም ሥራ አጥተው እንደገና ያንኑ መንገድ የያዙ ነበሩ። አንዲት ልጅ በባዕድ ቤት ለማገልገል ሕይወቷን ለአደጋ የምታጋልጠው በእጇ የሚታወቅ ሙያ ስለሌላት ነው። የማሸት ሙያ ደግሞ ትልቅ መሣሪያ አይፈልግም፤ አንድ የእንጨት አልጋ፣ ንጹሕ አንሶላና ፎጣ፣ ዘይት፣ ሙቅ ውሃና ሳሙና ይበቁታል። ብዙ ካፒታል ሳይጠይቅ ቶሎ ሥራ ከሚያስይዙት ሙያዎች አንዱ ነው።

ሦስተኛውም የዐይነ ሥውራን ነገር ነው። ትራኮማ የተባለው የዐይን በሽታ በአገራችን እጅግ ከጎዳቸው ክልሎች ቀዳሚው የአማራ ክልል ነው። በዚህ ሙያ ማየት የግድ አይደለም፤ የጣት ስሜት ነው ዋናው። በአዲስ አበባ ማየት የተሳናቸው ሴቶች ሠልጥነው በዚሁ ሥራ ራሳቸውን ችለው ታይተዋል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማችን በጦርነት ውስጥ በነበረችበት ጊዜና ከዚያም ወዲህ የአካል ጉዳት ለደረሰባቸው ወገኖቻችንም ከምጽዋት ይልቅ ሙያ መስጠት ይበልጣል። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ የምንሰጠው ሳንቲም የዕለት ነው፤ ሙያ ግን የዕድሜ ልክ ነው።

ላኪ ነጋዴዎችንም የሚመለከት ነገር አለ። የሰሊጥ ዘይት ከጥንት ጀምሮ በህንድ አገር ሕክምና ለማሸት ከሚመረጡት ዘይቶች አንዱ ነው። እኛ ሰሊጡን በጆንያ እንልካለን፤ ቅባቱን በጠርሙስ እንገዛለን። የሠለጠኑ ባለሙያዎች ቢበዙ በአገር ውስጥ ለተጣራ ዘይት አዲስ ገዢ ይፈጠራል። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም የንግድ ዐይን ያለው ሰው አይንቀውም።

አሁን ደግሞ የሚነሡትን ተቃውሞዎች ልመልስ።

አንዳንዶች «ይህ ሥራ ለጨዋ ልጅ የማይገባ ነው፤ በትልልቅ ከተሞች ማሳጅ የሚል ጽሑፍ በለጠፉ ቤቶች ምን እንደሚሠራ እናውቃለን» ይላሉ። ይህ ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በቀልድ የሚታለፍም አይደለም። ወልድያ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በመከባበር የሚኖሩባት፣ ለሴት ልጅ ክብር የሚጠነቀቅ ሕዝብ ያለባት ከተማ ናት። ነገር ግን ተቃውሞው ለአሳቤ መሠረት እንጂ ማፍረሻ አይሆንም። ያለ ምስክር ወረቀት ማንም ሰው ቤት ተከራይቶ «ማሳጅ» ብሎ እንዲለጥፍ የሚተው ከተማ ነው ስሙ የሚጠፋው። ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ ያሽ ብሎ ደንብ ማውጣት ይቻላል፤ ክፍሉ በመጋረጃ እንጂ በቁልፍ የማይዘጋ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል፤ ዋጋውን በግድግዳ ላይ መለጠፍና የደንበኛውን ስምና ሰዓት በመዝገብ መጻፍ ይቻላል። በለንደን የሆነው እንደዚሁ ነው፤ ሐሰተኛውን ያሳፈረው እውነተኛው ነው።

ሌሎች ደግሞ «በዚህ በሰላም ዕጦትና በኑሮ ውድነት ዘመን ይህ ቅምጥልነት ነው» ይሉ ይሆናል። ለሀብታም ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም በተስማማሁ። ነገር ግን ወገቡ የሚያመው ሀብታሙ ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም ከሁሉ ይበልጥ የሚያመው ኩንታል ተሸካሚው፣ ሾፌሩ፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚሰፋው ልብስ ሰፊና ጤፍ ስትፈጭ፣ እንጀራ ስትጋግር የምትውለው እናት ናት። እነርሱ ዛሬም ይታሻሉ፤ ግን ባልተማረ እጅ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከራሳቸው ከባለልማዶቹ ሊመጣ ይችላል፤ «እኛን ከሥራ ልታስወጡን ነው» ሊሉ ይችላሉ። እንዲህ አይደለም። መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ያወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ በትምህርት ቤት የተማረውም ሆነ በሥራ ላይ የለመደው ሰው እኩል ተመዝኖ ብቃቱ እንዲረጋገጥ መንገድ ከፍቷል። በልምድ የሚያሽ ሰው ጥቂት ወራት ተጨምሮለት፣ አደጋውን ተምሮ፣ ተፈትኖ ቢያልፍ ልምዱ ይከበርለታል እንጂ አይቀርበትም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አሳብ ብቻ አቅርቦ መሄድ የጸሐፊ ወግ ስላልሆነ በተቻለ መጠን በቁጥር ልግለጸው።

በመጀመሪያ፣ የንግድ ምክር ቤታችን ከከተማችን ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ፣ ከሆስፒታሉና ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ መምህራን ጋር አንድ ኮሚቴ ያቁም። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት የማሳጅ ባለሙያ ፈቃድ ለማግኘት 500 ሰዓት፣ የኒው ዮርክ ግዛት ደግሞ 1000 ሰዓት ትምህርት ይጠይቃሉ። እኛ በትንሹ እንጀምር ብንል እንኳ ሠልጣኞቹ በቀን 4 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ቢማሩ በ25 ሳምንት 500 ሰዓት ይሞላል። ከዚህም ውስጥ 120 ሰዓት ስለ አጥንት፣ ጡንቻ፣ ነርቭና የደም ሥር፤ 60 ሰዓት ስለማይታሹ በሽታዎችና በሽተኛን ወደ ሐኪም ስለ መላክ፤ 40 ሰዓት ስለ ንጽሕና፤ 40 ሰዓት ስለ ሙያ ሥነ ምግባርና ሕግ፤ 30 ሰዓት ስለ ሒሳብ አያያዝና ደንበኛ አቀባበል፤ የቀረው 210 ሰዓት በመምህር ፊት እጅን ለማለማመድ ይሁን። በንባብ ብቻ የሠለጠነ እጅ የለምና ይህን የመጨረሻውን ክፍል ማንም እንዳያሳንሰው አደራ እላለሁ።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የመጀመሪያው ክፍል ከ20 ሠልጣኞች አይብለጥ። ከነዚህ መካከል ለዐይነ ሥውራንና ከስደት ለተመለሱ እኅቶቻችን የተወሰነ ቦታ ይጠበቅላቸው። ወጪውን አንድ ነጋዴ ብቻውን ይቻለው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው። እያንዳንዱ አስመጪ አንድ ሠልጣኝ፣ እያንዳንዱ አምስት ባለሱቅ በኅብረት አንድ ሠልጣኝ ቢይዙ ክፍሉ በአንድ ስብሰባ ይሞላል። ሆቴል ያላቸው ነጋዴዎችም ገንዘብ ባይሰጡ ለልምምድ አንድ ክፍል፣ ለተመረቁትም ሥራ ይስጡ።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ይህም ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ቤት የምናከራይ ነጋዴዎች ሁላችን የማሳጅ ሥራ ለመክፈት የሚመጣን ሰው የብቃት ማረጋገጫውን ሳናይ ውል አንፈርም። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤትም ያንኑ ይጠይቅ። የመኪና ጎማ ስንገዛ ማኅተሙን እናያለን፤ ዘይት ስንገዛ የተመረተበትን ቀን እናነባለን፤ ወርቅ ስንገዛ እናስመዝናለን። የሰውን አከርካሪ የምንሰጠውን እጅ ግን ማን እንዳስተማረው ሳንጠይቅ መቅረታችን ምን ዓይነት ንግድ ነው? ይህ የኪራይ ውል ጉዳይ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ስብሰባም አይፈልግም። ከነገ ጀምሮ እያንዳንዳችን በራሳችን ልንፈጽመው የምንችል ነው።

ከተማችን ከደረሰባት ጉዳት በኋላ ብዙ ነገር እንደሚጎድላት አልክድም። ሱቆች ተዘርፈዋል፤ ጎብኚዎች ቀርተዋል፤ ብድርም አስቸጋሪ ሆኗል። ሰላም በሰፈነ ጊዜ ወደ ላሊበላ የሚወጣው እንግዳ ግን እንደገና በዚህ መንገድ ማለፉ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ደክሞት ከመኪና ለሚወርደው መንገደኛ ንጹሕ አልጋና የተማረ እጅ ያላት ከተማ ሆነን ብንጠብቀው አንድ ሌሊት የሚያድረው ሁለት ሌሊት ያድራል። ሙያተኛ በአንድ ቀን አይፈለፈልም፤ መማር ያለበት ዛሬ ነው።

ክቡራን ነጋዴዎች፤ ገንዘብ አውጥታችሁ ሚዛን ስትገዙ ሚዛኑ ትክክል እንዲሆን ትሻላችሁ፤ ትክክል ያልሆነ ሚዛን ገዢንም ሻጭንም ያሳፍራልና። የማሸትም ሙያ ትክክለኛ ሚዛን ያስፈልገዋል፤ ያም ሚዛን ትምህርትና ፈተና ነው። ምክር ቤታችን በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባው ይህን ጉዳይ በአጀንዳው ውስጥ አግብቶ እንዲነጋገርበት፣ ከሁሉ አስቀድሞም ስለ ቤት ኪራይ ውሉ አባሎቹን እንዲያስማማ በአክብሮት አሳስባለሁ።